«ከኢንተርኔት አትጥቀሱ» የሚለው ደንብ ይፋግን ያሳጣናል

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ገና ርዕሱ ሳይጸድቅለት የሚሰማው ማስጠንቀቂያ አለ፦ «ከኢንተርኔት አትጥቀስ፤ መጽሐፍ ጥቀስ።» አማካሪው ይነግረዋል። ገምጋሚው በዲፌንሱ ዕለት ይደግምለታል፤ የድረ ገጽ አድራሻ የበዛበትን የዋቢ ዝርዝር እያገላበጠ ራሱን ይነቀንቃል። ተማሪው ተመርቆ መምህር ሲሆን ደግሞ ያንኑ ለተማሪዎቹ ያወርሳል። ደንቡ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከርሞ፣ ዛሬ ማስረጃ የማይጠየቅበት እውነት መስሏል።

መነሻው ክፉ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ሐሰት ሞልቷል፤ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የተገለበጠ፣ ጸሐፊውም ዘመኑም የማይታወቅ ጽሑፍ እንደ አሸን ፈልቷል። ይሁን እንጂ ደንቡ ስሕተት ነው። ጉዳቱም እኩል አይከፋፈልም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የፈለገውን መጽሐፍ የሚያዝ ሰው ብዙ አይጎዳም። በደብረ ታቦር፣ በአዲስ ዘመን ወይም በወረታ ተቀምጦ ስለ አገሩ መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ግን በሩ ይዘጋበታል።

ይፋግን እንውሰድ። በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከጎንደር ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃሙ ባሶ ገበያ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር፤ አሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ሲወርድ ወርቅ፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። በአቅራቢያዋ ያለችው ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ይህን ታሪክ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ምን ያነባል? በዚያ ዘመን በአካባቢው ያለፉ የውጭ ሰዎች የጻፉትን ነው፦ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል፣ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን። ከዚያ የኋለኞቹን የታሪክ ሊቃውንት፣ እነ ሪቻርድ ፓንክረስትንና ሞርዴካይ አቢርን ይጨምራል።

የእነዚህን ተጓዦች መጻሕፍት የመጀመሪያ እትም በደቡብ ጎንደር የመጽሐፍ መደርደሪያዎች ላይ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። የኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ግን ገጻቸው አንድ በአንድ ፎቶ ተነሥቶ ተቀምጧል፤ ከነካርታቸው፣ ከነሥዕላቸው። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው «አናል ዴትዮፒ» የተባለው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የቆዩ ቅጾች በፈረንሳዩ የፐርሴ ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ተማሪው እነዚህን አንብቦ ሲጠቅስ «ከኢንተርኔት የተወሰደ» ተብሎ ይናቅበታል። ያው የፕላውደን መጽሐፍ በወረቀት እጁ ላይ ቢኖር ግን ይከበርለታል። በሁለቱ መካከል የአንዲት ፊደል ልዩነት የለም።

እዚህ ላይ የደንቡ ዋና ስሕተት ይታያል። ኢንተርኔት የጽሑፍ ዓይነት አይደለም፤ ጽሑፍ የሚደርስበት መንገድ ነው። በአንዱ መንገድ የጎረምሳ አሉባልታም፣ በባለሙያዎች ተገምግሞ የታተመ ጥናትም፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ብራናም ይመጣል። «ኢንተርኔት ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ብሎ መጠየቅ «ገበያ ላይ ያለ እህል ንጹሕ ነው ወይስ ቆሻሻ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መልሱ ያለው እፍኙን አንሥቶ የሚያይ ሰው ዘንድ ነው።

ይህ ክርክር የታሪክ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል፣ በዚያው ወረዳ የሆነ ሌላ ነገር እንይ። በ1997 ዓ.ም. የሊቦ ከምከም ገበሬዎች ትኩሳቱ በማይለቅ፣ ጣፊያ በሚያሳብጥ፣ ሰውነትን አክስቶ በሚገድል በሽታ ያልቁ ነበር። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር የታሰበው። በግንቦት ወር፣ ማለትም በሜይ 2005 እ.ኤ.አ.፣ በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአካባቢው የሕክምና ማዕከል ከፈተ። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል፤ ከታከመ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ለምን ቶሎ አልታወቀም? አንዱ ምክንያት ዕውቀቱ ከወረቀት ላይ ስለ ቆመ ነው። ካላዛር በኢትዮጵያ የሚታወቀው የቆላ በሽታ ሆኖ ነበር፤ የሁመራና የመተማ፣ የኦሞና የሰገን ሸለቆዎች በሽታ። በሰሊጥ አጨዳና በጥጥ ለቀማ ወቅት ወደ ሁመራና መተማ ወርዶ የሚሠራ ወጣት ይዞት ሊመጣ እንደሚችል ይታወቅ ይሆናል፤ በሊቦ ደጋማ መንደሮች ውስጥ መዛመቱ ግን በጊዜው በነበረው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም፤ መጽሐፉ ሲታተም ነገሩ ገና አልሆነም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለዚህ ክርክር የሚጠቅመው። ወረርሽኙን ያጠኑ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ግኝታቸውን በአሜሪካ የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጡ። ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የታከሙ ሰዎች መዝገብ ተመርምሮ የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት፣ 77.6 በመቶዎቹ ወንዶች፣ የሞቱት ደግሞ 3.6 በመቶ መሆናቸው ታወቀ። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆነ ታማሚዎች ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ አምስት እጥፍ ለሞት የተጋለጡ ነበሩ። ይህ የሊቦ ሰው ስለ ራሱ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የታተመው በባሕር ማዶ ነው። የአዲስ ዘመን ጤና ባለሙያ ሊደርስበት የሚችለው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ቢያንስ አኅጽሮቱን ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ላይ ማንም ሰው ሳይከፍል ያነበዋል።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱን ቀረብ ብሎ ማንበብ ምንጭ መመዘን ምን እንደሚመስል ያሳያል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት 171 ታማሚዎችን ከ171 ጤነኞች ጋር በጥንድ አነጻጸረ። ሦስት ነገሮች ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኙ፦ ውሻ ማሳደግ፣ ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር። አሁን ይህ ነገር በስልክ ወደ መንደር ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም፦ «ካላዛርን የሚያመጣው ውሻ ነው፤ ፈረንጆች አረጋግጠዋል»። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም። ተመራማሪዎቹ በመንደሮቹ ያሉ ውሾችን ደም መርምረው በሁሉም የደም ምርመራ ምልክት የተገኘባቸው 7 ብቻ፣ ማለትም 3.8 በመቶ፣ መሆናቸውን ጻፉ፤ ውሻ በበሽታው ዑደት ውስጥ ያለው ድርሻ ተጨማሪ ምርምር እንደሚያስፈልገውም አስታወቁ። አጎበር ለአደጋ ከተጋለጡት መካከል የተወሰኑትን ብቻ ሊጠብቅ እንደሚችልም ጨመሩ፤ ቀን ግራር ሥር ለሚያርፍ እረኛ አጎበር ምን ይረዳዋል?

«አብሮ ተገኘ» እና «አመጣው» የተለያዩ መሆናቸውን፣ ተመራማሪው ራሱ የት ላይ እንደ ቆመ፣ ስንት ሰው እንደ ተጠና ማየት፤ ተማሪ መማር ያለበት ይህን ነው። «ከኢንተርኔት አትጥቀስ» የተባለ ተማሪ ጥናቱንም አሉባልታውንም በአንድ ቅርጫት ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ የባሰው፣ መመዘን ሳይማር ይመረቃል።

ደንቡ ሌላም የሚያሳፍር ውጤት አለው። ተማሪዎች ኢንተርኔት መጠቀም አልተዉም፤ መደበቅ ጀመሩ። አንድ ድረ ገጽ ላይ ያነበቡትን ይወስዱና፣ ድረ ገጹ በግርጌ ማስታወሻው የጠቀሰውን መጽሐፍ ራሳቸው ያነበቡ አስመስለው ያሰፍራሉ። የሽፋኑን ቀለም የማያውቁትን መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ይጠቅሳሉ። ገምጋሚው የታተመ መጽሐፍ ሲያይ ደስ ይለዋል። እውነተኛውን ምንጭ የተናገረው ተማሪ ሲቀነስበት፣ የዋሸው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በየዩኒቨርሲቲው አጥር ዙሪያና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት የሚለጠፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዋናው ነገር ማወቅ ሳይሆን የዋቢ ዝርዝሩ ማማር ከሆነ፣ ዝርዝሩን ገዝቶ ማስገባት ይቀላል።

የወረቀት ምንጭስ እውነት ይህን ያህል የሚታመን ነው? የደንቡ ጠበቆች መልስ ሊሰጡበት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው አምስት ትላልቅ ጥራዞች አሳተመ። ብዙ ያየ፣ ብዙ የጻፈ ሰው ነው፤ ለአውሮፓ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂ ያደረሰ እሱ ነው። ሆኖም የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። እሱ እዚያ የደረሰው በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ነበር። ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ ግን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በሚያዝያ 1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን አይቶታል፤ ከእሱም በኋላ ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦ ደርሶበታል። ብሩስ የፓኤዝን ምስክርነት ያውቀዋል፤ በመጽሐፉ ግን አጣጣለው።

የለንደን ሰው ደግሞ የተጠራጠረው በሌላው ቦታ ነበር። ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል የጻፈውን ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ያ ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። መጠራጠር ያለባቸውን አመኑለት፣ ማመን ያለባቸውን ተጠራጠሩት፤ ምክንያቱም የመዘኑት በስሜት እንጂ በማስረጃ አልነበረም። የፓኤዝ ሙሉ መጽሐፍ በማተሚያ ቤት የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ዛሬ ደብረ ታቦር የተቀመጠ ተማሪ የብሩስን ጥራዝና የሎቦን መጽሐፍ ትርጉም በሁለት መስኮት ከፍቶ ጎን ለጎን ማነጻጸር ይችላል። በብሩስ ዘመን ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰዎች በአውሮፓም ጥቂት ነበሩ። የወረቀት መጽሐፍን ስሕተት ለማጋለጥ እንኳ ኢንተርኔት እንደሚረዳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

በየክፍሉ የሚረገመው ዊኪፔዲያም ቢሆን በሚዛን ሊታይ ይገባዋል። «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. 42 የሳይንስ ርዕሶችን ከዊኪፔዲያና ከኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ወስዶ በባለሙያዎች አስመርምሮ ነበር። በአማካይ በዊኪፔዲያ መጣጥፍ 4፣ በብሪታኒካ 3 ገደማ ስሕተት ተገኘ። የብሪታኒካ አሳታሚዎች ተቆጥተው አሠራሩን ተቃወሙ፤ ቢሆንም ልዩነቱ ብዙ ሰው እንደጠበቀው የሰማይና የምድር አልነበረም። ይህ ስለ እንግሊዝኛው ነው። ወደ 15 ሺህ መጣጥፎች ያሉት የአማርኛው ዊኪፔዲያ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ስለ ይፋግ የሚፈልግ ሰው እዚያ የሚጠግብበት ነገር አያገኝም። በሁለቱም ቢሆን ጠቃሚው ክፍል የገጹ ግርጌ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዋናው ምንጭ መሄድ ይቻላል።

ፍለጋውም ራሱ ሙያ ነው፤ ማንም አያስተምረውም። ይፋግ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ተጓዥ በ«አይ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ዋይ»፣ ሦስተኛው በ«ኢ»። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «ምንም የለም» ያለ ተማሪ አልፈለገም ማለት ነው። ዘመን ላይም እንዲሁ ነው። የእኛን 1997 የፈረንጅ አድርጎ የወሰደ ጸሐፊ የሊቦውን ወረርሽኝ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ከእሱ የሚገለብጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ያባዛሉ። አሥር ድረ ገጽ አንድ ዓመተ ምሕረት ቢጽፍ አሥር ምስክር አይደለም፤ ዘጠኙ ከአንዱ ቀድተው ሊሆን ይችላል።

ከተቃዋሚዎቹ ክርክር ጠንካራው በቅርብ ዓመታት የመጣው ነው፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ቻትጂፒቲን የመሰሉ ፕሮግራሞች የሌለ መጽሐፍ፣ የሌለ ደራሲ፣ የሌለ ገጽ ቁጥር አሳምረው ይጽፋሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ፕሮግራሙ ፈጥሮ የሰጣቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። አደጋው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጠበቆቹ የተያዙት ሌላኛው ወገን ውሳኔዎቹን ፈልጎ ስላጣቸው ነው። መድኃኒቱ ፍለጋ ነው። «መጽሐፍ ብቻ ጥቀሱ» የሚለው ደንብ እንዲያውም ለዚህ ሐሰት ይመቻል፤ ፕሮግራሙ የሚፈጥረው የሚያምር የመጽሐፍ ስም ነውና፣ የድረ ገጽ አድራሻ ያልተጠየቀ ተማሪ ሳይነቃበት ያልፋል።

ሁለተኛው ክርክር የመቋረጥ ነው፤ ይህንንም ማንም የደቡብ ጎንደር ሰው አይክደውም። በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቷል። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም፦ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ሲጠቃ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውና በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፉ ብራናዎች ዲጂታል ቅጂዎች ለወራት ከድረ ገጹ ጠፍተው ነበር። ይህ ሁሉ ግን ስለ መድረስ እንጂ ስለ መታመን አይናገርም። የሚያስገድደውም የተገኘውን ማውረድ፣ በፍላሽ መያዝ፣ ለጓደኛ ማካፈል፣ በየቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ማከማቸት ነው። መስመሩ ነገ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ዛሬ ክፍት በሆነ ጊዜ አለማንበብ ምን ይሉታል?

ብራናዎቹ ከተነሡ ዘንዳ፣ የሚያስቆጭ ነገር አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተቀርጸዋል፤ ካታሎጉን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የሰጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹን በሚኒሶታ ያለው ሂል ሙዚየም በድረ ገጹ ለተመዘገበ ሁሉ በነጻ ያሳያል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ ሰብስቦ የወሰዳቸውን ብራናዎች «ጋሊካ» በተባለው ገጹ ላይ አኑሯል። ጎንደር ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ፓሪስ ተቀምጧል፤ የጎንደር ልጅ በስልኩ መስታወት ላይ ሊያነበው ሲችል አማካሪው «የኢንተርኔት ምንጭ» ብሎ ይሰርዝበታል።

ክፍያ የሚጠይቁ መጽሔቶችም ቢሆኑ እንደሚታሰበው ሁሉ የተዘጉ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው «ሂናሪ» በኢትዮጵያ ላሉ የጤና ተቋማትና ዩኒቨርሲቲዎች በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። ስንት የጤና መኮንን ተማሪ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍቱ ጠይቆ ያውቃል? ስንት አማካሪስ ነግሮት ያውቃል?

ኢንተርኔት ላይ የሌለው ነገር ደግሞ ብዙ ነው፤ ይህን መካድ ሌላ ስሕተት ነው። የደሪጣ ነጋዴዎች የልጅ ልጆች የሚያስታውሱት፣ የይፋግ ሽማግሌዎች ስለ ኬላውና ስለ ቀረጡ ከአባቶቻቸው የሰሙት፣ የጣራ ገዳም መነኮሳት የሚያውቁት በየትኛውም ድረ ገጽ ላይ አይገኝም። ተማሪው እዚያው ሄዶ መጠየቅ አለበት። ግን ጠይቆ የጻፈው ነገር የት ይቀመጣል? በየትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጥቁር ጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ፣ ከገምጋሚዎቹ በቀር ማንም ሳያነበው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በኢንተርኔት ለንባብ ማቅረብ ከጀመረ ቆይቷል፤ በእነሱ የተጠቀመ ተመራማሪ ብዙ ነው። ስለ ሊቦ፣ ስለ ፎገራ፣ ስለ ፋርጣ የተጻፉትም በዚያው መንገድ ሊወጡ ይገባል።

ስለዚህ በየትምህርት ክፍሉ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያ አንዱ አንቀጹ ይለወጥ። ተማሪው ምንጩን ማን እንደ ጻፈው፣ መቼና በምን ማስረጃ እንደ ጻፈው፣ እሱም በየት በኩል እንዳነበበው ይግለጽ፤ በድረ ገጽ ያነበበውን በድረ ገጽ እንዳነበበ ይጻፍ፤ ቅጂውን አውርዶ ከጽሑፉ ጋር ያስገባ። ገምጋሚው ደግሞ በዲፌንሱ ዕለት የዋቢውን ዝርዝር ቁመት ማየት ትቶ፣ ከውስጡ ሁለቱን መርጦ «ይህ ጸሐፊ ይህን ያለው በምን ተመሥርቶ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ለመጀመር የሚቀጥለውን ዓመት በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የዘንድሮ ተመራቂዎች ርዕሳቸውን ሳያስመዘግቡ ሊደረግ ይችላል።